ማሳመን፣ ምዕራፍ ስድስት

ሰሌዳው ሸንተረር አውጥቷል፤ ጠመኔው አይዝም፤
"ፐርስዌዥን" ብዬ ጽፌ ዞር ስል ግማሹ የለም።
ስልሳ አራት ናቸው፣ ሦስት ሦስት በአንድ ዴስክ፤
መስኮቱ ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ የሚያቃስት
የአይሱዙ ጩኸት ያስገባል እንጂ አየር አያውቅም።

"ሰውን ለማሳመን ሦስት መንገድ አለ" አልኩ።
ማንነትህ፣ የሰሚህ ስሜት፣ ምክንያትህ።
በእንግሊዝኛ አልኩት፣ በአማርኛ ደገምኩት፤
እነሱም ጻፉት፣ ከነነጠላ ሰረዙ፣
እንደ ሐኪም ማዘዣ፣ ሳይገባቸው።

የቤት ሥራው፦ "ዩኒፎርም ይቅር ወይስ ይኑር?"
ስልሳ ሦስት ድርሰት መጣ፣ ሁሉም አንድ እናት የወለደችው፣
"ፈርስት ኦፍ ኦል" ብሎ የሚነሳ፣
"ኢን ኮንክሉዥን" ላይ የሚተኛ፤
በመሐል አንድም የሚያምን ሰው የለበትም።

ስልሳ አራተኛዋ ረምላ ናት።
ወረቀቷ ላይ ስምና ቀን፣ ከሥሩ አንድ መስመር፦
"አይ ሀቭ ኖ ኦፒኒየን፣ ቲቸር።"
በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጠኋት፤
ዜሮዋን ሁለት ጊዜ አከበብኳት።

ማክሰኞ እኔም አረፈድኩ።
ከሁለት ሰዓት ወዲያ በሩ ለተማሪ አይከፈትም፤
ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፣ ዝናብ ጠግቦ።
ረምላ ከበሩ ወዲህ፣ ጋሽ ሽብሩ ከፍርግርጉ ወዲያ፣
እኔ ከመብራት ምሰሶው ሥር፣ እንደ ሌባ።

አላለቀሰችም። "ቤቴ አራብሳ ነው" አላለችም።
(ከዶሮ ማነቂያ ከተነሱ ወዲህ
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እንደምትነሳ
የሰማሁት በኋላ ነው፣ ከሌላ ሰው።)

"ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት አደረ?"
"ደኅና ነው። በሩ ግን ዝግ ነው።"
"ዝግ መሆኑንማ አየሁ፤ የዘጋው ማነው?"
"ሕጉ።"
"ሕጉ ቁልፍ ይይዛል?"
ጋሽ ሽብሩ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፤ ዘገዩ፣ ታይቷል።
"ትላንት ምን አሉኝ? 'ነገ አርፍደሽ እንዳትመጪ!'"
"ብያለሁ።"
"ነገ አሉኝ እንጂ ዛሬ አላሉኝም።
እኔ ደግሞ የመጣሁት ዛሬ ነው።
ነገ ሲመጣ ይያዙኝ፤ እጄን እሰጣለሁ።"

ከቁልፉ ቀድሞ ሳቃቸው ተንቃጨለ።
"አያትሽ ጠበቃ ነበር እንዴ?"
"ኧረ! መርካቶ ቦንዳ ሻጭ ነበር።"

ምሰሶውን ተደግፌ ቀረሁ።
ሰው በዘንግ መሬት እየመታ፣ "በላ ልበልሃ" እየተባባለ
ለርስቱ ሲረታና ሲረታ በኖረበት አገር
(አንዱን አላልታችሁ፣ አንዱን አጥብቃችሁ አንብቡ)
እኔ አንደበት የምፈልገው ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነው።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አስነሳኋት።
"በሩ ላይ ያልሽውን በእንግሊዝኛ በይው።"
"ዘ ጌት..." አለች። "ዘ ጌት ኢዝ..."
ያ ሁሉ ምላስ አገር ለቆ ሄደ።
ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ እኔም፣ አልዋሽም፣
ሰዋስው ላርም አፌን ከፍቼ ነበር።

ቀና አለች።
"ቲቸር፣ በእንግሊዝኛ ስናገር
የሰው ጫማ አድርጌ እንደምሮጥ ነው።
እሮጣለሁ፤ ግን ቀልዴ አያስቅም፣ ቁጣዬ አያስፈራም።
ጋሽ ሽብሩ እንግሊዝኛ ብቻ ቢሰሙ ኖሮ
እስካሁን ደጅ ነበርኩ።"

የሳቀው ልጅ እስክሪብቶው ወደቀበት፤ አላነሳውም።
ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤
ሦስቱም መንገድ ረግፎ ከሥር ዱቄት ሆኗል።

ማታ ወረቀቷን አወጣሁ።
ሁለቴ የተከበበች ዜሮ ለማጥፋት አትመችም፤
ከፊቷ አንድ አቆምኩላት።
ግን ማርኩ ሪከርድ ቢሮ ገብቷል፤
ነገ ወይዘሮ እታፈራሁን ማሳመን አለብኝ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቁጥር ያልሰረዙትን።

አሁን አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ።
ፊቴ ያለው ሰውዬ ዞር ዞር ብሎ ያየኛል፤
ብቻዬን አወራለሁ፦
"ጉልበትዎ እንዴት አደረ?"
አይ፣ እሳቸውን የሚያማቸው ወገባቸውን ነው።
"ወገብዎ እንዴት አደረ?"